ክርስቲያን አንፊንሰን፦ የተፈታ ሰንሰለት ወደ ቅርጹ እንደሚመለስ ያሳዩ ሊቅ

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው በእስራኤል የኖሩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ሆኖም ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ብዙ ነው። ከሮቫ ቫቭ ተነስተን በየማለዳው ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ኮሌጅ ከምንሄደው መካከል የሕይወት ሳይንስ የምንማር ሁሉ በላብራቶሪ ቀድመን ከምንሰማቸው ትእዛዞች አንዱ ይህ ነው፦ አር ኤን ኤ የያዘ ቱቦ በባዶ እጅ አይነካም። ጓንት ይደረጋል፣ ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ቱቦው በበረዶ ላይ ይቀመጣል። በቆዳችን ላይ፣ በላባችንና በምራቃችን ውስጥ አር ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሉ ነው። ራይቦኑክሌዝ ይባላሉ። አንዳንዶቹ እጅግ ጠንካራ ከመሆናቸው የተነሳ ውኃው ቢፈላባቸው እንኳ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ለምን ይመለሳሉ? ቅርጹ የጠፋበት ነገር ቅርጹን ከየት ያገኘዋል? ይህን ጥያቄ ይዘው መልስ ያገኙለት ሰው ክርስቲያን ቤመር አንፊንሰን ይባላሉ። ስማቸው ክርስቲያን ነው፤ በስተርጅና የገቡበት ሃይማኖት ግን የአይሁድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሕይወታቸው ከመግባታችን በፊት ስለ ኢንዛይሙ ጥቂት እንበል፤ ይህን መጽሔት ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ለሚያነቡ ወላጆቻችንም ነገሩ ግልጽ እንዲሆን። በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ በሣጥን ተጠብቆ እንደሚቀመጥ የብራና መጽሐፍ ነው። እንደ ልብ አይወጣም፣ አይቀደድም፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። አር ኤን ኤ ደግሞ ከዚያ ብራና ላይ ለዛሬ ሥራ ብቻ የተገለበጠ ቁራጭ ወረቀት ነው። ሕዋሱ ወረቀቱን አንብቦ ፕሮቲን ይሠራል። ከተነበበ በኋላ ወረቀቱ ካልተቀደደ ግን የትናንቱ ትእዛዝ ዛሬም ይፈጸማል፣ ቤቱም ይረበሻል። ስለዚህ ሕዋስ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ቀዳጅም ያስፈልገዋል። ቀዳጆቹ እነዚህ ራይቦኑክሌዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። በባክቴሪያ ውስጥ ብዙው የመልእክት አር ኤን ኤ ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓታት ይቆጠራል።

ሌላም ጥቅም አላቸው። በሬና ላም የሚያመሰኩት ሣር በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ይብላላል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ብዙ አር ኤን ኤ ይዘው ወደ አንጀት ይወርዳሉ። እንስሳው ያንን ሀብት እንዲሁ አይጥለውም፤ ከቆሽቱ ራይቦኑክሌዝ አፍስሶ ይፈጨውና ይጠቀምበታል። የላም ቆሽት በዚህ ኢንዛይም የበለጸገው ስለዚህ ነው። በቤላሩስ ከምትገኘው ከስሎኒም ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አይሁዳዊው ሳይንቲስት ሞሰስ ኩኒትዝ በ1940 ኢንዛይሙን ከላም ቆሽት ለይተው በክሪስታል መልክ አወጡት። ለአንፊንሰን ሥራ በሩን የከፈተው ይህ ነበር።

አንፊንሰን መጋቢት 26 ቀን 1916 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ አቅራቢያ ባለችው ሞኔሰን በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ አባትም እናትም ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ልጁም የወላጆቹን ቋንቋና ወግ በቤት ይዞ አደገ። ይህ ዓይነቱ አስተዳደግ ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በስዋርዝሞር ኮሌጅ ኬሚስትሪ አጥንተው በ1937 ተመረቁ፤ በ1939 ደግሞ ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ።

በዚያው ዓመት በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ዴንማርክ ተሻገሩ። በኮፐንሃገን ያለው የካርልስበርግ ላብራቶሪ በወቅቱ በፕሮቲን ጥናት ስሙ የገነነ ስፍራ ነበር። ወጣቱ ኬሚስት በዚያ የፕሮቲኖችን አሠራር የመመርመር ፍቅር አደረበት። ዳሩ ግን ጊዜው ክፉ ነበር። በሚያዝያ 1940 የናዚ ጦር ዴንማርክን ያዘ፣ አንፊንሰንም በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1943 ጨረሱ።

በጦርነቱ ዓመታት አሜሪካ ሳይንቲስቶቿን ካሰማራችባቸው ሥራዎች አንዱ የወባ ጥናት ነበር፤ አንፊንሰንም ተሳትፈውበታል። የወባ ተውሳክ በደም ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚመገብና እንደሚኖር መርምረዋል። በጎንደር ቆላ ወይም በሱዳን መጠለያ ካምፖች ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው በየቤታችን አለና፣ ይህን የሕይወታቸውን ምዕራፍ ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። ከጦርነቱ በኋላ በስቶክሆልም ከሁጎ ቴዎሬል ጋር አንድ ዓመት ሠርተው፣ በ1950 በዋሽንግተን አቅራቢያ በቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም የላብራቶሪ ኃላፊ ሆኑ።

ትልቁ ጥያቄ የተነሳው እዚያ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ የተባሉ ቁራጮች እንደ ዶቃ ተራ በተራ በክር ሲሰኩ ነው። የላሙ ራይቦኑክሌዝ 124 ዶቃዎች አሉት። ክሩ ግን እንደተዘረጋ አይቀርም። ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል፣ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ኢንዛይሙ አር ኤን ኤን መቁረጥ የሚችለው በዚያ ቅርጽ ብቻ ነው። ከ124ቱ ዶቃዎች 8ቱ ድኝ ያለባቸው ናቸው። እነሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቆላለፉና 4 ማያያዣዎች ይሆናሉ። ስምንት ነገሮችን ጥንድ ጥንድ ለማድረግ 105 መንገድ አለ፤ ትክክለኛው ግን አንዱ ብቻ ነው። ታዲያ ያንን አንዱን የሚመርጠው ማን ነው? ከውጭ ሆኖ ቅርጽ የሚያወጣለት ሻጋታ አለ? ወይስ ቅርጹ በዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል?

አንፊንሰንና ባልደረቦቻቸው የመረጡት መንገድ ቀላል ነበር። አርሞር የተባለው የቺካጎ የሥጋ ድርጅት ከላም ቆሽት የተጣራ ራይቦኑክሌዝ በብዛት አዘጋጅቶ ለተመራማሪዎች ያከፋፍል ስለነበር ኢንዛይሙ ከእጃቸው አልጠፋም። ኢንዛይሙን ብዙ ዩሪያ ባለበት ውኃ ውስጥ ከተቱት፤ ዩሪያ ገበሬ በማዳበሪያነት የሚያውቀው ያው ቅመም ነው። በላዩም ሜርካፕቶኤታኖል የተባለ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ጨመሩ። ዩሪያው የታጠፈውን ይዘረጋል፣ ፈሳሹ ደግሞ የድኝ ማያያዣዎቹን ይፈታል። ኢንዛይሙ ልቃቂቱ እንደተተረተረ ክር ሆነ፣ መቁረጡንም አቆመ። ከዚያ ሁለቱን ቅመሞች አስወግደው ፕሮቲኑን ለአየር ተዉት። በአየሩ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ማያያዣዎቹ እንደገና ተቆላለፉ። ኢንዛይሙም ሻጋታ ሳይሰጠው፣ የሕዋስ እርዳታም ሳያገኝ፣ ወደ ቀድሞ ቅርጹና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለማስረጃው ጥንካሬ የሰጠው ግን ሁለተኛው ሙከራ ነው። በዚህኛው ዩሪያውን ሳያስወግዱ ማያያዣዎቹ እንዲቆላለፉ አደረጉ። ክሩ እንደተዘረጋ ስለነበር ድኞቹ ያገኙትን ያዙ፣ አያያዛቸውም የተዘበራረቀ ሆነ። የመቁረጥ ኃይሉም ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ቀረ። ቀጥለው ዩሪያውን አስወግደው ከዚያ ከሚሸተው ፈሳሽ በጣም ጥቂት ጠብታ ጨመሩበት። ጠብታው የተሳሳቱትን ማያያዣዎች ፈታ አደረጋቸው፣ ክሩም እየሞከረ እየሞከረ በሰዓታት ውስጥ ትክክለኛውን ጥንድ አገኘ። ኃይሉም ተመለሰለት። ሰንሰለቱ ከመጀመሪያውም አልተበላሸም ነበር። የተሳሳተው የተቆላለፈበት ሁኔታ ነበር።

የእስራኤል ስም ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘው ገና ከጅምሩ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከርኆቮት ወደ ቤተስዳ የሄዱት ወጣቱ ሚካኤል ሴላ የኢንዛይሙ ማያያዣዎች ሲፈቱ ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩት ቀደምት ጽሑፎች አንዱን ከፍሬድሪክ ዋይትና ከአንፊንሰን ጋር በ1957 አሳተሙ። በ1961 በወጣው ዋነኛ ጽሑፍ ላይም ከአንፊንሰን፣ ከኤድጋር ሃበርና ከዋይት ጎን የሴላ ስም አለ። ሴላ በኋላ የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ኮፓክሶን የተባለውን የመልቲፕል ስክለሮሲስ መድኃኒት ከፈጠሩትም አንዱ ናቸው።

አንፊንሰንም በተራቸው በ1958 ወደ ርኆቮት መጥተው በዋይዝማን ተቋም ለአንድ ዓመት ተቀመጡ። ያን ጊዜ አገሪቱ ገና አሥር ዓመቷ ነበር። የእኛ አሽዶድ ደግሞ በ1956 የተቆረቆረች፣ በአሸዋ ክምር መካከል ያለች የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ዛሬ ከአሽዶድ ባቡር ተሳፍሮ ያቭኔን ያለፈ ሰው ርኆቮት ይደርሳል፤ ብዙ ዘመዶቻችን የሚኖሩባት ቂርያት ሞሼም የምትገኘው በዚያው ከተማ ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ አንፊንሰን ከርኆቮት ጋር ያላቸው ግንኙነት አልተቋረጠም፤ ከተቋሙ የበላይ ጠባቂ ቦርድ አባላት አንዱም ሆነዋል።

ወደ ቤተስዳ ሲመለሱ አንድ ያልተፈታ ነገር ጠበቃቸው። በቱቦ ውስጥ ኢንዛይሙ ለመታጠፍ ሰዓታት ይወስድበታል፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል። በ1963 ከባልደረቦቻቸው ጋር የተሳሳቱትን የድኝ ማያያዣዎች ፈትቶ የሚያስተካክል ሌላ ኢንዛይም በሕዋስ ውስጥ አገኙ። ቅርጹን የሚወስነው የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ሆኖ ሳለ፣ መንገዱን የሚያፋጥን ረዳት እንዳለ ታወቀ ማለት ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ብዙ ፕሮቲኖች ያለ እንዲህ ዓይነት ረዳቶች በሕዋስ ግርግር ውስጥ በትክክል እንደማይታጠፉ አሳይተዋል።

በ1972 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ግማሹ ለአንፊንሰን፣ ግማሹ ደግሞ በዚሁ ኢንዛይም ላይ ለሠሩት ለስታንፎርድ ሙርና ለዊልያም ስታይን ተሰጠ። ራይቦኑክሌዝ የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ኢንዛይም ነው፤ በዚህ ረገድ ሙርና ስታይን ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። ቅርጽ በቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል የሚለው የአንፊንሰን መርህ ፍሬ ማፍራቱን አላቆመም። በ2024 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል ቅደም ተከተሉን ብቻ አይቶ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ይገኛሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ያርፍ ነበር። አንፊንሰን ግን በ1970ዎቹ ፊታቸውን ወደ ቫይረስ አዞሩ። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት ኢንተርፌሮን የተባለ ፕሮቲን አለ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አጣርቶ ማግኘት ከባድ ነበር፤ አንፊንሰን ዓመታቸውን የሰጡት ለዚህ ማጣራት ነው። በዚያው ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን እንዴት እንደሚሠራ ሲመረምሩ ነገሩ ዞሮ ወደ ራይቦኑክሌዝ መጣ። ሕዋሱ የቫይረስን ድርብ አር ኤን ኤ ሲያይ አንዲት ትንሽ የምልክት ሞለኪውል ይሠራል። ምልክቷም ራይቦኑክሌዝ ኤል የተባለውን ተኝቶ የነበረ ኢንዛይም ትቀሰቅሰዋለች። የተቀሰቀሰው ኢንዛይም የቫይረሱንም የሕዋሱንም አር ኤን ኤ ይቆራርጣል፤ ቫይረሱ የሚባዛበት ቤት ይፈርሳል። በርኆቮትም ሚሼል ሬቬልና ባልደረቦቻቸው በኢንተርፌሮን ላይ ሠርተው ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት እንዲገኝ አድርገዋል።

ቫይረሶችም በበኩላቸው ዝም ብለው አይቆረጡም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የራሱን መቁረጫ ይዞ ይመጣል፤ ከሕዋሱ መልእክቶች ራስጌ ቆርጦ ለራሱ ይለብሰዋል። ባሎክሳቪር የተባለው መድኃኒት የሚከለክለው ይህንን መቁረጫ ነው። ኮሮናቫይረስ ደግሞ ጠባቂዎቹ እንዳያዩት የራሱን አር ኤን ኤ የሚከረክም ኢንዛይም አለው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው የቢጫ ወባ ቫይረስ፣ በአር ኤን ኤው ጫፍ ላይ ጠንካራ ቋጠሮ አለው። የሕዋሱ ቀዳጅ ኢንዛይም ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ሳይቀደድ የቀረው ቁራጭም ቫይረሱን መልሶ ያገለግለዋል።

ኤች አይ ቪም የራሱ ራይቦኑክሌዝ አለው። አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ከገለበጠ በኋላ አሮጌውን ቅጂ የሚያጠፋው በእሱ ነው፤ ያ ካልሆነለት መቀጠል አይችልም። በዚህ መቁረጫ ላይ ያነጣጠረ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ጥያቄው ተመራማሪ ይፈልጋል። ለቤተሰቦቻችን ይህ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከእኛ ማኅበረሰብ የተለገሰው ደም ይህን ቫይረስ በመፍራት በምስጢር ሲጣል እንደነበር በጥር 1996 ሲታወቅ፣ ወላጆቻችን በሺዎች ሆነው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ቫይረሱ የሰውን ዘር አይጠይቅም፤ ከየትም አገር በመጣ ሰው ሕዋስ ውስጥ በዚያው መቁረጫ ነው የሚሠራው። ይህን ከእኛ ወገን የሆነ ሰው በላብራቶሪም፣ በሆስፒታልም፣ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያም ተቀምጦ ሊናገረው ይገባል።

ወደ አንፊንሰን እንመለስ። የመጀመሪያ ትዳራቸው በ1978 ከፈረሰ በኋላ በ1979 ሊቢ ሹልማን ኢላይ ከተባሉ አይሁዳዊት ጋር ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወደ አይሁድ ሃይማኖት ገቡ። ቤታቸውም ካሽሩት የሚጠበቅበት ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በኋላ እንደገለጹት፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት አብሯቸው የኖረው ጥርጣሬ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም፤ ቢሆንም የአይሁድ ታሪክና ሥርዓት፣ አጥብቆ የመያዙም መንፈስ ልባቸውን ስቦት ነበር። ይህን ስናነብ የራሳችን ታሪክ ትዝ ይለናል። ሳይንቲስቱ በፈቃዳቸው በሥርዓቱ ሲያልፉ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዘመቻ ሙሴ የመጡት ወላጆቻችን ግን፣ ለዘመናት ሰንበትን ጠብቀው ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ ኖረው ሳለ፣ አይሁድነታቸውን በመጥለቅ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። በ1985ም በኢየሩሳሌም ተቃውሟቸውን አሰሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን የምናስቀምጠው አንዱን ለመንቀፍ አይደለም። ወደ አንድ ቤት በተለያየ በር እንደሚገባና የበሩ ክብደት ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው።

አንፊንሰን በ1981 ከብሔራዊ የጤና ተቋም ለቀው ወደ ርኆቮት መጡ። የቆይታቸው ዘመን ግን አጭር ሆነ። በ1982 ወደ አሜሪካ ተመልሰው በባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር ጀመሩ፦ ውኃ ሊፈላ በሚቃረብበት ሙቀት የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ፕሮቲኖቻቸው እንዴት ሳይፈቱ እንደሚቆዩ ማጥናት። ጥያቄው ያው የድሮው ነበር፤ ቅርጽ በምን ይጸናል? ግንቦት 14 ቀን 1995፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሜሪላንድ ግዛት አረፉ።

ሰው ፕሮቲን አይደለምና የቱቦን ውጤት በሰው ሕይወት ላይ እንዳለ መለጠፍ ሞኝነት ነው። ይሁንና የተዘበራረቀው ኢንዛይም ነገር በማኅበራችን ስብሰባ መካከል ተደጋግሞ ይነሳል። ከእኛ ውስጥ በልጅነታችን ደካማ ተብለን ዝቅተኛ የሒሳብ ክፍል ውስጥ የተቀመጥን፣ ባግሩቱን በኋላ በማታ ትምህርት ያሻሻልን አለን። ያኔ የጎደለን ችሎታ እንዳልነበር አሁን የምንማረው ትምህርት ምስክር ነው። ለታናናሾቻችን የሚያስፈልጋቸውም አንዳንዴ ያችን ጥቂት ጠብታ የምታክል ነገር ናት፤ ማክሰኞ ማታ ኬሚስትሪ የሚያስረዳ አንድ ተማሪ፣ ቅጽ አብሮ የሚሞላ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት። እናትና አባቶቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ የላም ቆሽት ስለሚያጠና ሰው ቢያወራላችሁ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ አትበሉ። በዚያ ቆሽት ተጀምሮ የት እንደተደረሰ አሁን አንብባችኋል።